የሰንጢዋ ጫፍ

"የአባቱን እግር እያጠበ ነው ያስታመመው! እንዲህ ያለ ልጅ ለሁላችንም ይስጠን!"

ማቲዎስ አፉ ውስጥ ያለውን ንፍሮ ማላመጡን ተወ። ይህን ያሉት የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ እያወሩ የባቄላ ገለባ ከጥርሳቸው መሀል በጣታቸው ያወጡና የፍራሹ ጠርዝ ላይ ይጠርጋሉ። አባቱ አቶ ፀሐዬ ከተቀበሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ድንኳኑ የእርጥብ ካልሲና የሰው ትንፋሽ ይሸታል። ከኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ምርጫው ያንሾካሹካሉ፤ የቀበሌው ሰው ብቅ ሲል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሟቹን ደግነት ያነሳሉ።

"ስኳር ክፉ ነው" አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። "እግር ከያዘ አይለቅም። አንተ ግን ድርሻህን ተወጥተሃል።"

"አላጠብኩም።"

"እ?"

"የአባዬን እግር አጥቤ አላውቅም።"

"ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ብላ ልጄ፣ ብላ" አሉና በዚያው ጣታቸው ንፍሮ ዘግነው መዳፉ ላይ ጨመሩለት።

ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ንፍሮውን ለዶሮዎቹ በተነ። ከዚያ ሞረዱንና የአባቱን ሰንጢ ይዞ ከማድቤቱ ጀርባ ተቀመጠ።

አቶ ፀሐዬ ሠላሳ ዓመት የእንጦጦ ደን ጥበቃ ነበሩ። ከራጉኤል እስከ ኮተቤ ጫፍ ባሕር ዛፉን የዞሩበት ተረከዝ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከሾላ ገበያ በገዟት ርካሽ የቻይና ሰንጢ ደረቁን ቆዳ እየላጡ ጋዜጣ ላይ ይጥላሉ። ቢጫ ጥፍር፣ ቢጫ ቆዳ፣ ያ የቦቲ ሽታ። ሲጨርሱ ሰንጢዋን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ያደርጉና ብርቱካን ይልጡባታል። "እንካ" ይሉታል። ማቲዎስ አንድም ቀን አልበላም።

ስኳሩ ሲጠናባቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጠሩት።

"ማቲ፣ ይቺን ሹሏን ሞርደህ አጥፋልኝ። እግሬ ስትወጋው አያውቅም እኮ፤ ደሙን ሳይ ነው የሚገባኝ።" ስለቷ ላይ በሚስማር ሰያፍ መስመር ጭረዋል። "እስከዚህ ድረስ። ከደንደሷ በኩል ጀምር።"

መታጠፊያዋ ውስጥ የተፋቀ ቆዳ ተሰግስጓል። ማቲዎስ በሁለት ጣቱ ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት።

"እሺ፣ ነገ።"

አንድ ወር ሙሉ ነገ አለ። በመጨረሻ አባቱ ምንም ሳይናገሩ ሰንጢዋን እንዳለች መልሰው ወሰዷት። በሳምንቱ ካልሲያቸው በደም እግራቸው ላይ ተጣብቆ አልወልቅ አለ፤ ቁስሉም አልሽር አለ።

አሁን መታጠፊያዋን በጥፍሩ ጠራረገ። የደረቀው ቆዳ ጥፍሩ ስር ገባ፤ ምራቁን ተፋና ቀጠለ። ብረቷ ርካሽ ስለሆነች ቶሎ ትበላለች። ስትግል ጣሳ ውሃ ውስጥ ይነክራታል፤ እንደገና ይሞርዳል።

"ምነው ማቲ!" የአባቱ እህት እትዬ አሳየች ነጠላቸውን እየሳቡ መጡ። "ድንኳን ድረስ ይሰማል እኮ! በሣልስቱ ብረት ይሞረዳል? ሰው ምን ይላል?"

"ሊያልቅ ነው፣ እትዬ።"

"ምኑ?"

"አባዬ ያዘዘኝ።"

ሰንጢዋን አዩ።

"ስኳር ነው የገደለው። ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል።"

"ሐኪሙ ይቺን አላየም። ይቺ ናት የወጋችው። እንድሞርዳት ለምኖኝ፣ ተጸይፌ ተውኩት።"

እትዬ አሳየች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የሚቆጡ መስሎት ጠበቀ። አልተቆጡም።

"በል ቶሎ ጨርስ" ብለው ተመለሱ።

ወዲያው ከድንኳኑ ሙሾ ተነሳ። የእሳቸው ድምፅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ጮኸው አላለቀሱም። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ፤ የሞረዱ ድምፅ ለራሱ ለማቲዎስ እንኳ አይሰማም። ደንደሷን ወደ ስለቷ እያጎበጠ፣ መስመሩ እስኪጠፋ ሞረደ።

ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን ሲስብ ሦስት ቀን ያልታጠበ እግሩ ሸተተው። ያው ሽታ ነው። ፊቱን አላዞረም። የሰንጢዋን ጫፍ ተረከዙ ላይ አድርጎ ተጫነ። አልወጋውም። አጥብቆ ተጫነ። አልወጋውም። በሁለት እጁ ያዛትና እንደገና ተጫነ።