አስራ ሁለቱና ሃያው

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ ጠመንጃ ሲመክረኝ ከረመ። ወንድሜ መከረኝ፣ የልጄ ባል መከረኝ፣ ፓስተራችን መከረኝ፣ የከብት መኖ የሚሸጠው ሰውዬ ከረጢቱን መኪናዬ ላይ እየጫነ መከረኝ። የጥርስ ሐኪሜ እንኳ ሁለት እጁን አፌ ውስጥ ከትቶ፣ መልስ መስጠት እንደማልችል እያየ፣ "ለሴት ልጅ ባለ ሃያው ይሻላል" አለኝ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሴት ልጅ ይለኛል!

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ሳህን ሳጥብ የጓሮው በር እጀታ ቀስ ብሎ ሲዞር አየሁት። "ማነው?" ብዬ ስጮህ የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ሰውዬው ባዶ እጁን አልሄደም፤ የባሌን የሞተር መጋዝ ከጎተራው ይዞ ሄዷል። ወደ ወረዳችን ፖሊስ አዛዥ፣ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ደወልኩ፤ ምክትሉ ሃምሳ ደቂቃ ቆይቶ መጣ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠበቅሁ፤ እዚህ ከከተማ ርቀን የኦዛርክ ኮረብታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ሃምሳ ደቂቃ ፈጥኖ መድረስ ነው።

ባሌ ደልበርት በመጋቢት ልቡ ቆሞ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሻርሊን የበሩን እጀታ ወሬ እንደሰማች ደወለችና፣ "እማዬ፣ ወይ በወጉ የምትተኩሺው ጠመንጃ ይኑርሽ፣ ወይ ቤቱን ሸጠሽ ስፕሪንግፊልድ እኛ ጋ ነይ። ከምስጋና በዓል በፊት ባለው እሁድ መጥተን እናይሻለን። ካልቻልሽ በቃ፣ አለቀ" አለችኝ። ምድር ቤታቸው ያለችውን ክፍል አዘጋጅተውልኛል። አውቃታለሁ፤ መስኮቷ የምድጃ በር ታክላለች። ቀለሙን እንኳ ሳይጠይቁኝ ገዝተዋል፣ የሎሚ ቢጫ።

አርባ አራት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ለዚያች ጉድጓድ! እንቅልፍ ነሳኝ።

እንግዲህ ጠመንጃ ያስፈልጋል ከተባለ ምክሩ ጎረፈ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በዚህ እርሳሱን በትኖ በሚተኩስ ጠመንጃ፣ በሾትጋን ነገር ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሙዙ ይሰፋል። ባለ አስራ ሁለቱ ትልቁ፣ ባለ ሃያው ትንሹ ነው። ለምን የተገላቢጦሽ እንደሆነ የልጄ ባል ትሬንት በስልክ አርባ ደቂቃ አስረድቶኛል። አባቴ ይህንኑ በሁለት ቃል ነግሮኝ የጨረሰው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነበር።

ወንድሜ ሆሊስ የአስራ ሁለት ሰው ነው። እንደ ሃይማኖት ነው የያዘው። ከእኔ በሦስት ዓመት ብቻ ቢበልጥም እንደ አባት ያደርገዋል። በየሁለት ቀኑ ይመጣል፣ ቡናዬን ይጠጣል፣ ከሳሎኑ በር በላይ የተሰቀለውን የደልበርትን ባለ አስራ ሁለት በጣቱ እያሳየ ይሰብከኛል።

"እታለም፣ ሌባ ሲመጣ በሃያ ብትመቺው ያስነጥሰዋል እንጂ አይጥለውም።"

"ትከሻዬ የተቀደደ ነው፣ ሆሊስ። ሐኪሙ ሲሰፋው አንተም ሆስፒታል ነበርክ።"

"አያያዝ ነው! አያያዙን ካወቅሽበት አይረግጥሽም። ደግሞ ደልበርት ቢኖር ባለ ሃያ በዚህ በር አይገባም ነበር። የልጅ መጫወቻ ነው ይል እንደነበር ረሳሽው?"

አልረሳሁም። ያንን ቃል ሳገባ ነው የሰማሁት። አባቴ ድርጭት እንዳድንበት የሰጠኝን ባለ ሃያ ይዤ ወደዚህ ቤት ስገባ ደልበርት ስቆ፣ "የልጅ መጫወቻሽን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው" አለኝ። አስቀመጥኩት። ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ረሳሁት። ያ ሌባ እጀታዬን ያዞረ ዕለት ግን ከቁም ሳጥኑ ጥግ አውጥቼ ሳየው ዝገት የሚባል የለበትም፤ ዘይት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ደልበርት ለእኔ ብሎ ሲወለውለው የኖረ መሰለኝና አለቀስኩ።

ትሬንት ደግሞ የሃያ ሰው ነው፣ ግን የኔን ሃያ አይፈልግም። አዲስ፣ ቀላል፣ መብራት የተገጠመለት እንድገዛ ነው የሚፈልገው። ኢንሹራንስ ነው የሚሸጠው፤ ያላነበበው ነገር የለም። "እማማ፣ ጥናቱ የሚያሳየው..." ብሎ ሲጀምር ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ልብስ አጥፋለሁ። ተመልሼ ሳነሳው ጥናቱ አላለቀም።

ሁለቱም አንድ ነገር አልጠየቁኝም። እሱን ልብ በሉልኝ።

የተባለው እሁድ ደረሰና ሻርሊንና ትሬንት፣ ሆሊስም ጭምር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። የአሳማ ጭን ጠብሼ፣ ባቄላ ቀቅዬ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግሬ ነበር። በሉ፤ ሲበሉም ተጨቃጨቁ። ሆሊስ ማንኪያውን አፈሙዝ አድርጎ አሳየ፣ ትሬንት ጨውና በርበሬውን ሌባና ባለቤት አድርጎ አቆመ። ሻርሊን ወጥ ቤቴን በዓይኗ ስትለካ አየኋት። ምን ይሸጣል፣ ምን ይጣላል እያለች እንደነበር ነፍሴ ነግራኛለች። ኬኩ እንኳ ሳይቆረስ ደሜ ፈላ።

"ተነሱ" አልኳቸው፣ "እንውጣና ይለይለት።"

ከጎተራው ጀርባ የሣር እስር ላይ የፕላስቲክ ባልዲ ደፋሁ። ብርድ ነበር። ሆሊስ ጃኬት ሳይዝ መጥቶ ኖሮ፣ በሩ ኋላ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የደልበርትን የአደን ሰደርያ አንስቶ ለብሶ ወጣ። አልጠየቀኝም። ከመጋቢት ጀምሮ ያንን ሰደርያ ማንም አልነካውም ነበር።

ሆሊስ መጀመሪያ ባለ አስራ ሁለቱን ሰጠኝ። እሱ እንዳዘዘኝ የተሰፋው ቀኝ ትከሻዬ ላይ ደግፌ ቃታውን ሳብኩ። ባልዲው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ክንዴ እስከ ጣቴ ድረስ ደነዘዘ። እንባዬን ዋጥኩ። ሻርሊን ትሬንትን አየችው፣ ትሬንት መሬት መሬት አየ። የዚያች ክፍል ቢጫ ቀለም ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

"አያያዝሽ ነው አላልኩሽም?" አለ ሆሊስ፣ ጠመንጃውን ከእጄ ቀምቶ፣ መሃሉ ላይ አጥፎ ከፍቶ የተተኮሰውን ቀለህ እየጣለ። "ቆይ ላሳይሽ። ዝም ብለሽ እይ።"

"አጎቴ፣ አያያዝ አይደለም እኮ፣ ፊዚክስ ነው" አለ ትሬንት።

"ፊዚክስህን ለደንበኞችህ ሽጥላቸው!"

እንዲህ እየተነታረከ፣ ፊቱን ወደ ትሬንት አዙሮ፣ ጓንት ያጠለቀ እጁን ሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተተ። የራሱን ቀይ ጥይቶች በቀኙ ኪስ ነበር የሞላው። አሁን የገባው ግን የግራ እጁ ነው፣ ግራ ኪስ። አንድ ጥይት አወጣ፣ ሳያይ አጎረሰ፣ ዘጋ፣ አነጣጠረ፣ ሳበ።

ቀጭ።

"ምንድነው?" አለና መልሶ ከፈተው። ምንም አልወደቀም። "አሃ፣ ለካ ሳላጎርስ ነው የዘጋሁት። በዚህ ልጅ ወሬ ምክንያት!" አሁን በቀኙ አንድ ቀይ ጥይት አውጥቶ አጎረሰ።

እኔ ጓንት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ ስምንቱን ዓመት መርማሪ ሆኜ። ሥራዬ አንድ ነገር ነበር፤ ማሽኑ ውስጥ የገባው ሁሉ ወጥቷል ወይ? ካልወጣ እዚያው ነው፣ ማሽኑም ይቆማል። ሆሊስ ሲያጎርስ አይቼዋለሁ። ገብቷል። አልወጣም። አባቴ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከነገረኝ ሁለት ቃል ሌላ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ቢጫው የሃያ ጥይት ነው፣ አስራ ሁለት ውስጥ ከገባ ሾልኮ የአፈሙዙ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል፣ ሌላ ከኋላው ከተተኮሰ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል።

"ሆሊስ፣ አቁም!"

"እታለም፣ አንዴ ዝም ብለሽ እይ አልኩሽ!"

ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ አይቻለሁ። ከኋላው ሄጄ ቀኝ ክርኑን በሁለት እጄ ይዤ ባለኝ ኃይል ጎተትኩት። የተሰፋው ትከሻዬ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ጣቱ ከቃታው ወጣ።

"አበድሽ እንዴ? ሰው ልትገድዪ ነው?"

"ክፈተው።"

"ምኑን?"

"ክፈተው አልኩህ! ቀዩን አውጣና በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን እይ።"

ቀዩ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሆሊስ በተከፈተው በኩል አጮለቀ፤ ብርሃን የለም። ትሬንት በስልኩ መብራት አየና ፊቱ ነጣ። አንድም ጥናት ሳይጠቅስ ሮጦ የመወልወያውን ዘንግ አመጣና ቀስ ብሎ ከፊት ገፋው። ቢጫ ጥይት ወጥታ ሣሩ ላይ ከቀዩ አጠገብ ተኛች።

ሆሊስ የግራ እጁን ጓንት አውልቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ጠመንጃው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው፤ ፈንድቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚሄደው ያ እጅ ነበር። ከዚያ ፊቱ። ሣር እስሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ያንተ ናት" አለው ትሬንትን። "ሃያ ሃያ ስትል ይዘሃት መጥተህ ነው።"

"የኔ የጥይት ካርቶን ገና አልተከፈተም፣ አጎቴ። መኪናው ውስጥ ነው።"

እኔ ወደ ሰደርያው ሄድኩ። የግራውን ኪስ ገለበጥኩት። አራት ቢጫ ጥይት፣ አንድ የድርጭት ላባ፣ በደልበርት ስም የወጣ ያለፈው ዓመት የአደን ፈቃድ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ያ ዘይት የተቀባ ጠመንጃ ትዝ አለኝ። የወለወለው ለኔ ብሎ አልነበረም። ሲያድንበት ኖሯል።

"ሆሊስ" አልኩ፣ "አብራችሁ አልነበር የምታድኑት?"

ላባውን አንስቶ አየው። "ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ብቻዬን ልሂድ ካለኝ። ምን በደልኩት እያልኩ ነበር የምኖረው። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።" ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። "ለካ ትከሻውን አሞት ነው። አስራ ሁለቱን መሸከም አቅቶት ነው። እንዳልስቅበት ፈርቶ ነው።"

"ትስቅበት ነበር?"

"እስቅበት ነበር" አለ።

ያን ጊዜ ሻርሊን ወደኔ ዞረች። የልጅነት ፊቷን ነበር ያየሁት። "እማዬ፣ አንቺስ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?"

ሦስት ሳምንት! የአንድ ወረዳ ሕዝብ! የጥርስ ሐኪም ሳይቀር! ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይኸው አሁን ተገኘ። ቤት ገብቼ የአባቴን ባለ ሃያ ይዤ ወጣሁ፣ ከደልበርት ኪስ ካወጣኋቸው አንዷን አጎረስኩ፣ በደህናው በግራ ትከሻዬ ደግፌ ሳብኩ። ባልዲው ከሣሩ ላይ ተነስቶ አጥሩ ሥር ወደቀ።

"ይሄን" አልኩ። "ከመጀመሪያውም ይሄን ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" አለ ሆሊስ።

"መች አፋችሁን ዘግታችሁ!"

ሻርሊን ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነና አቀፈችኝ። "ክፍሏን ለትሬንት ወረቀቶች እናደርጋታለን" አለች። ትሬንት ቀለሙ ተበጥብጧልና ሱቁ መልሶ እንደማይወስደው ሊያስረዳን ጀመረ። "ጎተራዬን ቀቡበታ" አልኩት። ዝም አለ፣ ተመስገን።

ሆሊስ ባለ አስራ ሁለቱን ከነቀይ ጥይቱ ሰብስቦ መኪናው ላይ ጫነ። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይኖራል አልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከረኝ እሺ አለ። ሰደርያውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

መኪኖቹ ከዓይኔ ከጠፉ በኋላ ሰደርያውን ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ለባለ ሃያው ደግሞ ከሳሎኑ በር በላይ ቦታ አበጀሁለት። ከዚያ እዚያው በሩ ኋላ ቆሜ ሰደርያውን መሳደብ ጀመርኩ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገልኝ ጊዜ ጀምሮ እስኪሞት፣ ሁለት ዓመት፣ በየማታው አልጋ ላይ አስቀምጦ ትከሻዬን በቅባት ያሸኝ የነበረው ያ ሰው ነው። እጁን ሲያነሳ አንዳንዴ ያቃስት ነበር፤ ደክሞት ነው ስል ነበር። የኔን እያሸ የራሱን ይደብቀኛል!

"አንተ ሞኝ ሰው" አልኩት። "አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቅባቱ እኮ እጅህ ላይ ነበር።"