አስር ደቂቃ ብቻ

አማል ክዳኑን አዙራ ስታነሳው እንፋሎቱ ፊቷን ገረፋት። ሽታው ጥሩ ነበር፤ የጃስሚን ሩዝ ሽታ ማንንም አያስከፋም። እንፋሎቱ ሲበተን ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ሩዝ አልነበረም። ፍሬው ከፍሬ የማይለይ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ገንፎ ነበር። ማንኪያ ሰካችበት፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ሀይረዲን!”

ታላቅ ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ለእንግዶቹ ምንጣፍ ያነጥፋል። በሩ ላይ ብቅ አለ።

“ደረሰ?”

“ውሃ የጨመረበት ማነው?”

ጺሙን አከከ። “ትንሽ ነው። አንቺ ለኡምሰልማ መድኃኒቷን ልትሰጫት ስትገቢ ገና ሳይሞቅ ከፍቼ አየሁት። ውሃው ከሩዙ እኩል ነው። ደርቆ እንዳያዋርደን ብዬ ሁለት ኩባያ ጣል አደረግኩበት።”

“ጣል አደረግክበት!”

“በልኩ ነው የጨመርኩት ባክሽ።”

“ልኩማ አራት ኩባያ ሩዝ፣ አራት ኩባያ ውሃ ነው። ይሄ ድስት እንፋሎት አያወጣም፤ የገባው ውሃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ደግሞ ባስማቲ ግዛ ነው ያልኩህ። ጃስሚን ውሃ ከበዛበት እንዲህ ነው የሚሆነው።”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ባለሱቁ ‘ይሄኛው የሀብታም ነው፣ ሲበስል ቤቱን ያውደዋል’ ሲለኝ ገዛሁ።” ድስቱ ውስጥ አጎንብሶ አየ። “በጨው አይስተካከልም?”

አማል ዞር አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስምንት ሰዓት ላይ ቃሊቲ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለባት። ከቱሉ ዲምቱ በሰባት ሰዓት ያልወጣ ሰው ደግሞ በዚያ የከባድ መኪና ሰልፍ መሃል በሰዓቱ እደርሳለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም።

ፈተናውን የምትወስደው ለሁለተኛ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው መኪናዋን ወደ ኋላ ስታስገባ ምሰሶ ነክታ ወደቀች። ገላን ኮንዶሚኒየም ዳቦ ቤት ያላቸው ወይዘሮ አደሴ፣ ለየሱቁ ዳቦ የሚያከፋፍሉባትን ሚኒ ቫን የሚነዳላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያለፈው ሹፌር ከመኝታው እየዘገየ ደንበኛ አስቀይሞባቸው አሰናብተውታል። “አንቺ ሥራ ለምደሻል፣ ንጋት አትፈሪም። ወረቀቷን ይዘሽ ከመጣሽ ቁልፉ ያንቺ ነው። ግን ከወር መጀመሪያ አታሳልፊብኝ” ብለዋታል።

ሥራማ ለምዳለች። ሰባት ዓመት ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት አብስላለች። ሩዝ በየዓይነቱ ታውቃለች። ለግብዣ የሚሠራው ረጅሙ ሌላ ነው፤ ለአሠሪዋ እናት፣ ጥርሳቸው ላለቀው አሮጊት፣ የምታበስለው ለስላሳው ጃስሚን ሌላ። የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስቱንም ወደ አገሯ ስትመለስ በሻንጣ ልብሷን ቀንሳ ያመጣችው እሷ ናት። ለራሷ ቤት ነበር ያሰበችው። የራሷ ቤት እስኪገኝ ግን በወንድሟ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ትተኛለች። የወንድሟ ሚስት ኡምሰልማ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟታል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ የአማል ሆነ። ማንም ያለው የለም፤ እንዲሁ ሆነ።

ዛሬ የሚመጡት ሀጂ ሙህሲን የከባድ መኪና ባለቤት ናቸው። አዲስ ሲኖትራክ አስገብተው ሹፌር እየመረጡ ነው። ሀይረዲን አስራ አንድ ዓመት የሰው አሮጌ አይሱዙ ሲነዳ ኖሯል። ለዚህች ምሳ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

“እሺ እንደገና ሥሪው” አለ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አራት ደቂቃ ነው የሚፈጀው ብለሽኝ የለ?”

“አራት ደቂቃ የሚለው እንፋሎቱ ከሞላ በኋላ ነው። እስኪሞላ አስራ አምስት ደቂቃ፣ ሲጨርስ ደግሞ ሳይነካ አስር ደቂቃ ማረፍ አለበት።”

“ታዲያ ይደርሳላ! ሰዎቹ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው የሚመጡት።”

“እኔ ግን ፈተና አለብኝ።”

“ትደርሻለሽ፣ ወላሂ ትደርሻለሽ።”

ገንፎውን ወደ ትልቅ ሳህን ገለበጠችው። የድስቱ ታች የያዘውን ስትፈገፍግ የቧንቧው ውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ቆመ። ከጀሪካን ቀዳች። አዲስ ሩዝ አጥባ፣ ሰፍራ፣ ውሃውን ሰፍራ፣ ክዳኑን ቆለፈች። በዚህኛው ጊዜ እንዳይነካው ብላ ድስቱ አጠገብ ቆመች። የኡምሰልማ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

“አማልዬ፣ እኔ ተቀምጬ ልጠብቀው። አንቺ ሂጂ።”

“አንቺ አትነሺ። ገና ነው፣ እደርሳለሁ።”

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የድስቱ መብራት ድርግም አለ። ፍሪጁም ዝም አለ። ከታች ፎቅ የሆነ ሰው “ሄደ!” ብሎ ጮኸ።

አማል እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆየች። ለብ ብሏል፤ ሩዙ በለብታ ውሃ ተነክሮ ተቀምጧል።

“ይመጣል” አለ ሀይረዲን።

“ከሰል ላይ በተራ ድስት ልጨርሰው። በረንዳ ላይ ለወጡ ያቀጣጠልኩት አልጠፋም።”

“ከሰሉ ሙሉ ቀን ነው የሚፈጅበት። ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። ይሄን ሩዝ በጭስ? ትንሽ እንጠብቅ።”

ጠበቁ። በዚህ መሃል አማል ልብሷን ቀየረች፣ ሂጃቧን አስተካክላ አሰረች፣ መታወቂያዋንና የፈተና ወረቀቷን በቦርሳዋ ከተተች። ስድስት ተኩል ሆነ። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ወንድሟ ሊሰግድ ሲወርድ በረንዳ ወጥታ ከሰሉን ልታራግብ አሰበች። ከዚያ ደግሞ “ጭስ ጭስ ይላል” ብሎ በሰው ፊት የሚያጉረመርመው ታያትና ተወችው። በራሷ ተናደደች። በሠላሳ ዓመቷ የሰው ኩርፊያ ፈርታ ከሰል መንካት አቃታት።

ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ድስቱ ጢጥ አለ። መብራት መጣ። ቁጥሩ ጠፍቶ ከዜሮ ይጀምራል። ተነክሮ ስለቆየ ሦስት ደቂቃ አደረገችውና ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ስትሰማ በሩን ከፈተች። ሀይረዲን ነበር፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። “አዎ ሀጂ፣ ሦስተኛው ብሎክ፣ እወርዳለሁ፣ እቀበልዎታለሁ” ይላል። ሲዘጋ ክንዱን ይዛ ድስቱ ጋ ወሰደችው።

“ስማኝ። እኔ መሄዴ ነው። እንፋሎቱ ሲሞላ ይቺ ቀይ ነገር ትነሳለች። ጨርሶ ሲጮህ አትንካው። አስር ደቂቃ ቁጠር። ከዚያ በጨርቅ ይዘህ ይቺን ታዞራለህ፣ የቀረውን እንፋሎት ትለቃለች። ቀይዋ ስትወርድ ትከፍታለህ። በቃ።”

“እኔ?”

“አንተ።”

“አማል፣ ሰዎቹ ታች ቆመዋል። እንግዳ ልቀበል ወይስ ድስት ላዙር? ቢፈነዳብኝስ?”

“አይፈነዳም።”

“እሺ ሩዙ እስኪወጣ ብቻ ቆዪ። አስር ደቂቃ፣ ምንድን ናት አስር ደቂቃ?”

“ፈተናው ያልፈኛል ሀይረዲን። ወይዘሮ አደሴ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።”

ሀይረዲን ስልኩን አየ፣ በሩን አየ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ከቁጣው ይልቅ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነው።

“ለባዕድ ሰባት ዓመት አብስለሻል። ለወንድምሽ አስር ደቂቃ አቃተሽ?”

መልሱን ሳይጠብቅ ወረደ።

አማል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ወጥ ቤቱ መሃል ቆመች። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደሴ መነኸሪያ ሻንጣ ተሸክሞ ደብተር የገዛላት ሀይረዲን ነው። ይሄን እሱ አንስቶት አያውቅም፤ ማንሳትም አያስፈልገውም። ቦርሳዋን አውርዳ በሩ እጀታ ላይ ሰቀለችው።

ቀይዋ ነገር ለመነሳት የፈጀችው ጊዜ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ሳሎን ውስጥ ሰላምታው፣ ዱዓው፣ የልጆች ደኅንነት ጥያቄው ይሰማል። ድስቱ ጮኸ። ከዚያ አስሩ ደቂቃ። ስድስተኛው ላይ እጇ ወደ እንፋሎቱ መልቀቂያ ሄዶ ተመለሰ። አሁን ቢለቀቅ ሩዙ ይፈነዳል፣ ከታች ያለው ይይዛል፤ የቆመችበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጠበቀች። ስትከፍተው እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው፣ ለስላሳ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ሩዝ ጅዳም ሠርታ አታውቅም። ደስታ አልተሰማትም።

በሳህን አድርጋ፣ ሥጋውን ከላይ አድርጋ አቀረበች። ጫማዋን ስታስር የሽማግሌው ድምፅ ከሳሎን መጣላት።

“ይሄ ሩዝ በጥርሴ ሳልነካው ነው የወረደው። ማነው የሠራው?”

“እህቴ ናት ሀጂ።”

“ማሻአላህ። አላህ ይባርክልህ።”

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አልነቃነቅም አለ። ሲሞላ ደግሞ መንገዱ አስቆመው። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች አንዱ የአንዱን ጭራ ይዘው ቆመዋል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እያየ “አንዱ ተበላሽቶ ነው” አለ። አማል ከአንድ ፌርማታ በፊት ወርዳ በአቧራው መሃል ሮጠች። ከፈተናው ቦታ በር ስትደርስ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር።

“ስም ተጠርቶ አልቋል እህቴ” አለ ዘበኛው።

“መንገድ ተዘግቶ ነው። እባክህ አስገባኝ፣ ልለምናቸው።”

አስገባት። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት ወረቀቷን አየች፣ ዝርዝሩን አየች። ክፉ ሰው አልነበረችም። “ሁለቴ ጠርቼሻለሁ” አለች። “ከተጠራ በኋላ ማስገባት አልችልም፤ ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰው መልሻለሁ። ቅርቡ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልያዝልሽ?”

“ያዥልኝ።”

ከአጥሩ ውጪ ቆማ ለወይዘሮ አደሴ ደወለች። ሴትየዋ ሳያቋርጡ ሰሟት።

“አይ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “ዳቦው እኮ ሦስት ሳምንት አይጠብቀኝም። ኩምሳ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ አለ፣ እሱን ልሞክረው። ካልሆነልኝ እደውልልሻለሁ።”

“እሺ። አመሰግናለሁ እማማ።”

“ደኅና ሆነሽ ነው ግን? ድምፅሽ ልክ አይደለም።”

“ሮጬ ነው።”

ስትመለስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሀይረዲን በሩን ከመክፈቷ በፊት ከፈተላት። ፊቱ በርቷል።

“ሰጡኝ! ሲኖትራኩን ሰጡኝ አማል! ‘ቤቱን የሚያከብር ሰው መኪናም ያከብራል’ አሉ። ሩዙን ደግመው ነው ያስጨመሩት። አርብ አጋራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ያንኑ ሩዝ ብለዋል። አሁንም ጃስሚኑን ነው የምገዛው፣ አይደል?”

አማል ወጥ ቤት ገባች። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ሁሉ እንደተበላ ተከምሯል። የጠዋቱ ገንፎ ጥግ ላይ ቆዳ አውጥቶ ተቀምጧል።

“ፈተናውስ?” አለች ኡምሰልማ ከመኝታ ቤት።

ሀይረዲን አማልን ዞሮ አየ። ረስቶት ነበር፤ ፊቱ ላይ አየችው።

“ስም ተጠርቶ ደረስኩ” አለች አማል። “ከሦስት ሳምንት በኋላ ተባልኩ። የዳቦ ቤቱ ሥራ ግን ለሌላ ሰው ሆኗል።”

“ላ ኢላሃ ኢለላህ…” አለች ኡምሰልማ።

ሀይረዲን በሩ ላይ ተደገፈ። “እኔ እኮ ትደርሻለሽ ብዬ…” ጀመረና ተወው። “ቆይ፣ ሴትየዋን እኔ ላናግርልሽ?” አለ።

“አይሆንም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

አማል መልሱን በመንገድ ላይ በብዙ ዓይነት አዘጋጅታው ነበር። አንዱ ጩኸት ነበረው፣ አንዱ ሻንጣ ነበረው። አሁን ግን ድካሟ በለጠ። ወንበር ከሳሎን ጎትታ ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች።

“አርብ እኔ የለሁም። የመንዳት ልምምድ እገባለሁ። ሩዙን የምትሠራው አንተ ነህ።”

ሳቀ። አልሳቀችም። ሳቁን ሰበሰበው።

“አማል፣ እኔ እንዴት አድርጌ…”

“ለእራት ምንም የለም። ኡምሰልማ አልበላችም። ድስቱን እጠበው፣ ከዚያ ሁለት ኩባያ ሩዝ ስፈር።”

“ዛሬ?”

“ዛሬ።”

ወደ መኝታ ቤቱ አየ። “አንተ፣ ልጁ ርቦታል” የሚል ድምፅ ብቻ ከዚያ መጣለት። እጅጌውን ሰበሰበ። ድስቱን ሲያጥብ ሸሚዙን አረጠበ፣ ወድቃ የተንከባለለችውን የእንፋሎት መልቀቂያ ከወለል ላይ ፈልጎ አነሳ። ከዚያ ሩዙን በሳህን አድርጎ ውሃ አፈሰሰበትና እጁን ከተተ። ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ደፋው። ሌላ ጨመረ፤ እሱም ነጣ።

“እስከ መቼ ነው የማጥበው?”

“ውሃው እስኪጠራ።”

ሦስተኛውን ቀዳ። ሁለት ሦስት ፍሬ ከጣቱ አምልጦ መታጠቢያው ውስጥ ገባ። አማል ልትቀበለው ብላ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው፤ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋች፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳችም።