መጋዘን የጠበቃት ለቅሶ

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይላል ያገራችን ሰው። ሮማነወርቅ ይህን ተረት የምትጠቅሰው ሌላውን ለማስጠንቀቅ ሳይሆን ራሷን ለማመስገን ነበር። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል በተዘረጋው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ደካማ ተሳፋሪዎችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ከበር ወደ በር ስታደርስ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ በዚህም ሥራ የሰው ፊት ማንበብ ተምራለች፤ በተለይ ያገሯን ልጅ ፊት። «እናትህን ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ድረስ» ተብሎ ቲኬት የተቆረጠለትን ጎልማሳ ከሩቅ ትለየዋለች። ሸኚዎቹ ከልክ በላይ ይንከባከቡታል፤ ሻንጣውን ይሻሙበታል፤ ዓይኑን ግን አያዩትም። እሱ ለእናቱ ጋቢና መድኃኒት ይዞ ይሄዳል፤ እነሱ እናቱ ከተቀበሩ መሰንበታቸውን ያውቃሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወዳጅ ከግራና ከቀኝ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። እስከዚያች ማለዳ ድረስ በዙሪያ ያለው ሁሉ ተዋናይ ነው።

በፈረንጆቹ 2008 በጋ፣ ከማረፊያው አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ ባለው አፓርታማዋ ውስጥ ያ ትወና የተጀመረ ሲመስላት ልቧ ወዲያው ወደ ወንድሟ ሮጠ።

ታላቅ ወንድሟ ጳውሎስ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። እንዳባት ያሳደጋት እሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ «ወንድምጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ካርድ ፍቃ ስትደውልለት ግን ስልኩ መጮህ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን የቤት ሠራተኛው አነሣችና «ወጣ ብለዋል» አለቻት። የት እንደወጣ ስትጠይቃት መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ ይቋረጥ ወይስ ልጅቷ ትዝጋው፣ ሮማነወርቅ ስትመረምረው ሰነበተች።

ከዚያ ደግሞ ፎቶግራፉ ጠፋ። ጳውሎስ በወጣትነቱ የተነሣው ነው፤ ጎፈሬው እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ፣ የሸሚዙ ኮሌታ እስከ ትከሻው የደረሰ። ከአልበሙ ውስጥ ሥፍራው ብቻ ባዶውን ቀርቶ አየችው። ልጇን ያፌትን ብትጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ያፌት አርሊንግተን ካለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እዚሁ ቴክሳስ ያደገ፣ አማርኛው እንደ ጠባብ ጫማ የሚያስነክሰው ልጅ ነው። ውሸት ግን በአማርኛ አይችልበትም፤ ለዚህ ነው በትከሻው የመለሰው። ሮማነወርቅም የሟች ፎቶ ለለቅሶ ቤት ትልቅ ተደርጎ እንደሚታተም እያሰበች አልበሙን ከደነች።

በማግስቱ ጥቁር ቀሚሷ ከቁም ሣጥኑ ጠፋ። ነጠላዋም አብሮ።

የጥርጣሬዋ ማገር የሆነው ግን ጌትነት ነው። ጌትነት ያካባቢውን ሐበሻ ሠርግና ክርስትና ሁሉ የሚቀርጽ ቪዲዮ አንሺ ነው። ሮማነወርቅን ባገኘ ቁጥር «እትዬ ሮማን፣ እርስዎን ሳልድር አልሞትም» እያለ ይቀልድባታል። በዚያ ሳምንት ግን እቤቷ መጥቶ ከያፌት ጋር በረንዳ ላይ ሲንሾካሾክ ደረሰችበትና «እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ እሳቸው እንዳይሰሙ» ሲል ሰማችው። ዞር ሲል ያያት ጊዜ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ። ሳይቀልድባት ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት። መርዶ ደግሞ ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን፣ በጠዋት ነው።

ወደ ዓለምጌጥ ሮጠች። ዓለምጌጥ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ድንኳኑም፣ ተጣጣፊ ወንበሩም፣ ድስቱም በእሷ ቁልፍ ሥር ነው። ሰሞኑን የወጣ ዕቃ እንዳለ ስትጠይቃት ዓለምጌጥ ድንገት ተነሥታ ውኃ ልትቀዳላት ሄደች። ተመልሳም አቀፈቻት። ሮማነወርቅ ካቀፋት ክንድ ውስጥ ሆና የቀረውን ሁሉ ገመተች።

እውነቱን ለመናገር ዓለምጌጥም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ጌትነት ድንኳንና ወንበር ወስዶ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ወዳለ መጋዘን አስወርዷል፤ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀው «ምሥጢር ነው፣ የሮማነወርቅ ልጅ ይወቀው» ብሏታል። ያገሯን ወግ የምታውቅ ሴት ከዚህ ምን እንድትደመድም ይጠበቃል? እሷም በበኩሏ ድርሻዋን መተወን ጀመረች፤ በየቀኑ ምግብ ትልካለች፤ በየማታው ደውላ «በላሽ ወይ?» ትላለች። ሮማነወርቅም እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ማስረጃ ትቆጥራለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ብልህ ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ፊት እያነበቡ፣ አንድ ጤነኛ ሰው ገደሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ሮማነወርቅ ቤቷን ጠርጋ፣ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዩኒፎርሙ ብልሃት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ምንም እንዳልጠረጠረች ሴት ልትቀበላቸው ፈልጋለች። ያፌት ጥቁር በጥቁር ለብሶ፣ ሳይሰናበታት፣ በጣቱ ጫማውን አንጠልጥሎ ሲወጣ አየችው። ደጁን የሚያንኳኳ ግን ጠፋ። ፀሐይ መስኮቱን ሞላችው፤ ማንም አልመጣም። መጠበቁ ከመርዶው ከበዳት። ወደ ዓለምጌጥ ደወለችና ወንበሮቹ ካሉበት ውሰጂኝ አለቻት።

ዓለምጌጥ አልተከራከረችም። የመኪናዋ ኋላ አስቀድሞ ንፍሮና የታሸገ ውኃ ተጭኖበት ነበር።

መጋዘኑ ከሌሎች መሰሎቹ መካከል ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው፣ የጭነት መኪና መጠጊያው ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ነው። ሮማነወርቅ ስትገባ ጢስ ተቀበላት። በጢሱ ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ከሥሩ የዕድሩ ወንበሮች ማንም ሳይቀመጥባቸው ተደርድረዋል። ከፊት ለፊት ጥቁር የሬሳ ሣጥን፤ በሣጥኑ ላይ ጧፍ፤ በጧፎቹ መካከል፣ ትልቅ ተደርጎ፣ ጎፈሬውን የዘረጋው ወንድሟ።

ከዚያ ወዲያ ያየችው ነገር የለም። ፊታቸውን በኖራ የለቀለቁትን ጎረምሶች አላየችም፤ ጊታሩንም፣ ከጢሱ በስተጀርባ የቆመውን ጌትነትንም አላየችም። አንድ ወንበር ላይ ከጥቁር ቀሚሷ ጋር የተጣለ የገዛ ነጠላዋን አነሣች፤ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዘቅዝቃ ለበሰችውና ደረቷን እየመታች ጀመረች።

«ወንድምጋሼ ብዬ ስጠራ ስጣራ፣
ስልኩ ብቻ ቀረ ባዶ ቤት ሲጠራ።
ባሕር ማዶ ብሆን ሁሉም ሰው ደበቀኝ፣
ወንበር ተደርድሮ መጋዘን ጠበቀኝ።»

ዓለምጌጥ ከኋላ ተቀበለቻት። መጋዘኑ አስተጋባው። ፊታቸውን ኖራ የቀቡት ጎረምሶች በቆሙበት ደረቁ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰው ለማስፈራራት ሲደክሙ የዋሉት እነሱ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሮጦ መጥቶ አቀፋት፤ ኖራው ዩኒፎርሟ ላይ ታተመ። ያፌት ነበር።

«እማ፣ ማንም አልሞተም። ማለቴ… ሹት እያደረግን ነው። የሙዚቃ ክሊፕ ነው፣ እማ።»

ሮማነወርቅ በለቅሶዋ መካከል አየችው። «መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት» አለችው።

ነገሩን በቁርጥራጩ አስረዷት። ባለፈው ዓመት ልጇ ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተውን የሙዚቃ ባንድ ፖስተር፣ የፍየል ራስ ቅል ያለበትን፣ ባየች ጊዜ «ከዚህ ቤት ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ» ስላለች፣ ያፌት ሜታል የሚባለውን፣ ጊታሩ እንደ መጋዝ የሚያፏጭበትንና ዘፋኙ ከሆዱ የሚያጓራበትን ሙዚቃ ትቻለሁ ብሎ ነበር። አልተወም። አሁን ባንዱ የመጀመሪያ ክሊፑን ለኢንተርኔት ሊሠራ ነው። የሜታል ክሊፕ ደግሞ እንደ ሠርግ ቪዲዮ የራሱ ሥርዓት አለው፤ መጋዘን፣ ጢስ፣ ኖራ የተቀባ ፊት፣ ከተቻለ ቀብር። ጢማሙ ከበሮ መቺያቸው ዝናብ፣ ደግሞም ነጭ ቀሚስ ለብሳ የተዘረረች ልጃገረድ እንዲጨመሩ ለምኖ ነበር። ያፌት «ይህን ሁሉም ሰው አድርጎታል» ብሎ እምቢ አለ። እሱ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ለቅሶ ቤት ሄዶ ያየው፣ ዝም ብሎ የተደረደረ የዕድር ወንበርና የተዘቀዘቀ ነጠላ ከየትኛውም የራስ ቅል ይልቅ አስፈርቶት ኖሯል። ወንበሩን አስገባ፤ ከበሮ መቺው እንዳይኮርፍ ደግሞ ሣጥኑንና ጢሱን ተወለት። ፎቶውን የወሰደው በቤቱ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ የሮክ ሰው የሚመስለው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ፎቶ ሣጥን ላይ ማኖር ሟርት መሆኑን የነገረው አልነበረም።

ጌትነትስ? ጌትነት ወገቡን አጎንብሶ፣ የጎፈሬውን ባለቤት እንደማያውቀው ማለ። እሱ የተጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ እንዲሉለት፣ በመጨረሻም ርግብ እንዲለቀቅ ከጠዋት ጀምሮ እየለመናቸው ነበር።

ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር የተገጣጠመ ነበር፤ ሮማነወርቅን ያሠጋትም መገጣጠሙ ነው። እንዲህ ያማረ ታሪክ የሚሠራው ለማን እንደሆነ በየቀኑ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ታያለች።

«እንግዲያው ደውሉ» አለች።

ደወሉ። ጮኸ፤ ጮኸ። ያፌት ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በኖራው ላይ ላቡ መንገድ እያወጣ ቆመ። በሦስተኛው ሙከራ የወንድ ድምፅ «አቤት» አለ። ሮማነወርቅ ከዕድሩ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ የነበረችው ዓለምጌጥ ግን ወደ ጆሮዋ ተጠጋችና አንሾካሾከች።

«ድምፁ የሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ? የአጎቴ ልጅ ልክ እንዳጎቴ ነው የሚያወራው።»

ሮማነወርቅ ወደ ያፌት እጅ ጎንበስ አለች። «አባባ በሕይወት ሳሉ እኔን ምን ብለው ነበር የሚጠሩኝ?» አለች በስልኩ።

«ምን ነካሽ?» አለ ሰውየው። «‹ኮሚሳር› ነበር የሚሉሽ። እንግዳ ሁሉ ሳይመረመር በርሽን አያልፍማ።»

ሮማነወርቅ ያን ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። ጳውሎስ እየተጎተተ እውነቱን አወጣው፤ ኩላሊቱ ጠንቶበት ጠበል ገብቶ ኖሯል፤ ኮሚሳሯ ባሕር ማዶ ሆና እንዳትጨነቅ ብሎ ለቤት ሠራተኛው «ወጣ ብለዋል በይ» ብሏት ሄዷል። የተመለሰው ትናንት ነው። አሁን ይሻለዋል። ሮማነወርቅ ዙሪያዋን በድል አየች፤ የተደበቀ ነገርስ ነበር፤ ገንፎው ውስጥ ስንጥር አለ ያለችው ሐሰት አልነበረም።

ጳውሎስ የመጣበትን ሞት በዝርዝር ሲሰማ ተቆጥቶ ሳይሆን ጓጉቶ ጠየቀ። ሰው የገዛ ሙሾውን የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው? ጌትነት ካሴቱን ወደኋላ መልሶ ስልኩን ከካሜራው አጠገብ ያዘው። የሠርግ ቪዲዮ አንሺ እንባ ሲያይ ካሜራ አያጠፋም፤ ልማዱ ነው፤ ከመግቢያዋ ጀምሮ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ቀርጿት ኖሯል። ሙሾው ሲያልቅ ጳውሎስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስለ ስልኩ አለቀስሽ፤ ስለ ወንበሩ አለቀስሽ» አለ። «እኔ የታለሁ? ሰባት ልጅ ያሳደገ ሰው እኮ ነኝ።»

ጢማሙ ከበሮ መቺ ቃሉ ሳይገባው፣ ከካሜራው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ለያፌት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለው። ያፌትም ወደ እናቱ ዞረና፣ ክሊፑ መካከል ላይ ጊታሩም ከበሮውም ቀጥ እንዲል፣ ዘፋኙ እሱም እንዳያጓራ፣ የእሷ ድምፅ ብቻ እንዲሰማ እንደሚፈልጉ በተሰባበረ አማርኛው ለመናት። እንዲህ ያለ የሜታል ክሊፕ ማንም ሠርቶ አያውቅም አላት። ሮማነወርቅ እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት ጳውሎስ ከደብረ ብርሃን ቀደማት። ለቅሶው አይቅር፤ ሣጥኑ ግን ይውጣ አለ። ፎቶው ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ይቀመጥ።

«ሬሳ አታድርጉኝ፣ ለቀስተኛ አድርጉኝ» አለ። «ለቅሶ መድረስ እኔም አውቅበታለሁ።»

ጎረምሶቹ ሣጥኑን ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡት። ዓለምጌጥ ንፍሮውን አምጥታ በየእጃቸው አፈሰሰችላቸው፤ ከበሮ መቺው መዳፉ ላይ ያለውን ስንዴ በጥርጣሬ አየው፣ አሸተተው፣ በላው። ጎፈሬያሙ ወጣት በፍሬሙ ሆኖ ከሮማነወርቅ ጎን ተቀመጠ። እሷም ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ፣ እንደ ደኅና ቀን ለበሰችው።

«ጌትነት» አለችው፣ «ካሜራው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል፣ እትዬ ሮማን።»

ከጢሱ ውስጥ ትንሿ ቀይ መብራት እየበራች ነበር። ሮማነወርቅ አየቻት። ወገቧን ቀና አደረገችና የዩኒፎርሟን ኖራ በጣቷ ጫፍ ማራገፍ ጀመረች።