ልብስ ሰፊው ቁም ነገር ሲፈልግ

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት በሞላው ማግስት ኑሮው ቁም ነገር የጎደለው ሆኖ ታየው። እስከዚያ ድረስ ጎደለህ ያለው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ኪስ ሲሰፋ እጁ ስለሚደነቅ ሰፈሩ «ባለኪሱ» ይለው ነበር። እሱ ግን አሰበው። ፈጣሪ ሰማይና ምድርን አቁሞ፣ ኦሪትን ሰጥቶ ሲያበቃ እኔን ለሱሪ ኪስ ብቻ ፈጠረኝ?

ከዚያ ወዲያ ቅጥ አምባሩ ጠፋ። ጠዋት ከምኩራብ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሱቁን ከፍቶ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ደንበኛ ሲገባ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «የጎረቤታችን ጃኬት በአንድ እጅጌ ከቀረ ሁለት ሳምንቱ እኮ ነው።»

«እኔ ስለ ነፍስ ነው የማስበው።»

«አስብ፣ ማን ከለከለህ! እሱም አንድ እጁን ብርድ እየመታው ስላንተ ነፍስ ያስባል።»

ቢቸግረው ረቢው ዘንድ ሄደ። «ረቢ፣ ለምን እንደተፈጠርኩ ይንገሩኝ» አላቸው።

«እኔም ስልሳ ዓመት ጠይቄያለሁ» አሉት። «መልስ ሲመጣልኝ ብቅ እላለሁ።»

ስለዚህ አርብ ጠዋት ረቢው ራሳቸው ሱቁ ሲገቡ ልቡ ዘለለ። ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላቸው። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ አንድ ጥቅል ነጭ በፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አንዲት አሮጊት አርፈዋል። ዘመድ የላቸውም። ከፈን የምትሰፋልን ሴትዮ ደግሞ እጇ ተሰብሯል። ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለባቸው። ልኩ እዚህ ወረቀት ላይ አለ። በእጅህ ስፋው፣ እንደ ደንባችን ክሩን አትቋጥር፣ እስከ ስምንት ሰዓት አድርስልን።»

«መልሱስ?»

«የምን መልስ?» አሉና ወጡ።

ልብስ ሰፊው ተቀይሞ መርፌውን አነሳ። ጥቂት እንደሰፋ ግን ሐሳብ ይዞት ነጎደ። ሞትና ሕይወት! ፍለጋዬ የሚያልቀው ምናልባት እዚህ ላይ ይሆን? ስለ ራሱ እንዲህ ከፍ ከፍ አድርጎ ሲያስብ እጁ የለመደውን ይሠራ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ልብሱን አንስቶ ቢያየው በቀኝ በኩል፣ ገበር የገባለት፣ በዕድሜው ሰፍቶት የማያውቅ ያማረ ኪስ ተቀምጧል።

የሟች ልብስ ኪስ የለውም። ሰው ከዚህ ዓለም ይዞት የሚሄድ ነገር የለምና፣ ይህን በምኩራባቸው ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ባለኪሱ ግን ለአሮጊቷ ኪስ አወጣላቸው። ምን ሊከቱበት?

በኀፍረት ላብ አጠመቀው። ጨርቁን ለኪሱ ብሎ ስለቀደደው የፊቱን ክፍል ከተረፈው በፍታ እንደገና መቁረጥ ነበረበት። ወረቀቱን አገላብጦ ሲያየው ገና አሁን ልብ አለው፤ ሴትዮዋ ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ነው የሚያህለው። በስንት ሳምንቱ ራሱን ረሳ። አንገታቸውን እንዳይሻክራቸው ብሎ ስፌቱን ወደ ውስጥ አጠፈው። ሙት እንደማይሻክረው ያውቃል፤ ቢሆንም አጠፈው። የማያውቃቸው ሴት አሳዘኑትና እንባው መጣ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል እያለከለከ መቃብሩ አጠገብ ካለው የሬሳ ማጠቢያ ክፍል ደረሰ። ሴትን የሚያጥቡ ሴቶች ናቸውና በሩን አንኳኩቶ ቆመ። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ሽርጥ ታጥቃ የከፈተችለት ሚስቱ ናት።

«አንቺ... እህቴ ጋ ነኝ አላልሽም?»

«እህቴ ጋ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። እህቴ እንኳ ይሄን ያህል አታገኘኝም።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሞቶ ማመስገን ለማይችል ሰው ያደረግኩትን ዞሬ ላውራ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ልብሱን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። አንገቱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ የምትቀልድ መስሎት ጠበቀ። አልቀለደችም።

«ጥሩ አድርገህ ነው የሰፋህላቸው» አለችና በሩን ዘጋች።

ቁም ነገር ፍለጋ መጽሐፍ ለመጽሐፍ ሲንከራተት፣ እሷ ከጎኑ እየተነሳች እዚህ ስትመጣ ኖራለች። ልብስ ሰፊው ወደ ሱቁ አልተመለሰም። ማንም ሳይጠይቀው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ አሮጊቷ ዘመድ የላቸውም ተብሏል፣ ቃሬዛቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።