ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ

ሾፌሩ የራዲዮኑን ገመድ ነቀለና ወደ መለኪያዋ አጎነበሰ። በባትሪው ሳጥን ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ስክሪን አሁንም ቁጥር ታሳያለች።

«ቀነሰ?» አለች ሚስቱ ከበስተኋላ፣ ስልኳን ከነቻርጀሩ በእጇ ይዛ።

«ትንሽ ቀነሰ። ግን አልጠፋም።»

«በል የኔም ተነቅሏል። ከእንግዲህ ባትሪውን የጨረሰው ስልክሽ ነው እንዳትለኝ።»

«እኔ መቼ አልኩ?»

«ዛሬ ጠዋት። ፊትህን እንኳ ሳትታጠብ።»

ሾፌሩ የጢም መላጫውን ነቀለ። ከአልጋው ራስጌ ያለችውን መብራት ነቀለ። መስኮቱ ላይ የምትሽከረከረውን ቬንቲሌተር ነቀለ። በመጨረሻ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የማቀዝቀዣ ሳጥኑን ገመድ ለአንድ አፍታ መዘዘው። ሳጥኑ እንደ ሽማግሌ አቃሰተና ዝም አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ጋር ዝምድና ያለው ነገር አንድም አልቀረም። መለኪያዋ ግን ዜሮ ማለት ሲገባት አርባ ዋት ትላለች።

«የሚበላ አለ» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። «ሁሉም ተነቅሎ የሚበላ አለ።»

«አይጥ ይሆን?»

«አይጥ ሽቦ ትበላለች እንጂ ዋት አትበላም።»

«አንተ ደግሞ፣ ለአይጥም ትከራከርላት ጀመር!»

የሳጥኑን ገመድ ቶሎ መለሰው። የሁሉ ነገር ማሰሪያ ያ ሳጥን ነውና።

አውቶቡሱ ድሮ ሰባት ቁጥር ነበር። ሾፌሩ የሥራ ዘመኑን ሙሉ በሱ ከገበያው እስከ ውሃ ታንከሩ፣ ከውሃ ታንከሩ እስከ ገበያው ሲመላለስ ኖሯል። ታንከሩ የመጨረሻው ፌርማታ ነው። እዚያ ሲደርስ ሰዉን ያራግፋል፣ መሪውን ይጠመዝዛል፣ ይመለሳል። መንገዱ ግን እዚያ አያልቅም። ትንሽ ወረድ ይልና ወደ ግራ ታጥፎ ከዛፎች ጀርባ ይሰወራል። ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ ሾፌሩ አያውቅም። ከዚያ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ጎማቸው አንዳንድ ቀን ቀይ አፈር፣ አንዳንድ ቀን ነጭ አሸዋ ለብሶ ያያል። አንድ ጊዜማ አንዱ መኪና ጣራው ላይ እርጥብ የዓሣ መረብ ጭኖ አለፈ። «መረቡ ከየት መጣ?» ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስል ከረመ። ሄዶ እንዳያይ፣ ሰባት ቁጥርን የሚጠብቁ ሰዎች አሉበት።

ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱም አብሮት ጡረታ ወጣ። ድርጅቱ አሮጌዎቹን ሲሸጥ ሌላው ሰው ለብረቱ ገዛ፣ እሱ ለመኖሪያ ገዝቶ ቤቱ ግቢ ውስጥ አቆመው። ከመጨረሻው ረድፍ በቀር ወንበሮቹን አወጣ። አልጋ አስገባ፣ ምድጃ አስገባ፣ ጣራው ላይ ሶላር ሰቀለ፣ የፊተኛውን በር በቁምሳጥን ዘግቶ መግቢያ መውጫውን በኋላው በር አደረገ። ያ ሁሉ ልፋት ለዚያች ኩርባ ነበር። ሚስቱም እንደሱ ልቧ ተነስቷል፤ እሷስ ስለዚያ የዓሣ መረብ ስንት ጊዜ ሰምታለች።

መንገድ የዘጋችው ልጃቸው ናት። እናት የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊኗ ብርድ ይፈልጋል። ልጅ ደግሞ ነርስ ናት። ባለፈው ወር መጥታ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፍርዷን ሰጠች። «ከቤት የሚመጣውን ገመድ ንቀሉት። ሳጥኑ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ ከነቴርሞሜትሩ ክተቱ፤ መድኃኒቱ ግን ቤት ይቆይ። በማግስቱ መጥቼ ከስምንት ዲግሪ በታች ካገኘሁት መንገዱ ይቅናችሁ። ካለፈ ግን፣ አባዬ፣ ይሄ አውቶቡስ ይሸጣል። እማዬን በማላውቀው አገር በተበላሸ መድኃኒት አላስወጋትም።» ሾፌሩ ምን ይበል? እውነቷን ነው። እሺ አለ።

ገመዱን ትናንት ጠዋት ነቀሉት። ሲነጋ ባትሪው ደክሞ ሳጥኑ በገዛ ራሱ ጠፍቶ አገኙት። ፀሐይ ወጥታ መልሶ ቢነሳም ቴርሞሜትሩ አሥራ አንድ ላይ ተገትሯል። ልጅቷ ደግሞ ከሥራ ወጥታ እየመጣች ነው።

ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቤት ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የመሰለ ጠርሙስ አለ።»

«እና?»

«እናማ ምንም። መኖሩን ነው የነገርኩህ።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ሳቅም ስጋትም አለ። ጠርሙስ መቀየር ለሱ የአፍታ ሥራ ነው። ልጅቷ ከፍታ ታያለች፣ አራት ዲግሪ ታገኛለች፣ መንገድ ይቅናችሁ ትላለች። ከዚያስ? ከኩርባው ወዲያ፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ እውነተኛው መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ያ አርባ ዋት የሚበላ ነገር እንደገና ቢመጣስ?

«መጀመሪያ በላተኛውን ልወቀው» አለ።

ሽቦዎቹን እየተከተለ በጉልበቱ ዳኸ። ከባትሪው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ አልጋው ሥር። ሁሉም ንጹሕ ነው። ሚስቱ እሱ ሲድህ ማየት ስለሰለቻት ሥራ ልትሠራ ወደ ፊት ሄደች። ከሾፌሩ መቀመጫ በላይ ያለው ብረት ላይ የተሰጡ ካልሲዎቹን ማውረድ ጀመረች።

«እነዚህም ደርቀዋል» አለች። «ቅድም ነው ያሰጣኋቸው።»

«እሺ።»

«ምኑን ነው እሺ? እዚህ ጋ ካልሲ ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ አስበህ ታውቃለህ? በመስኮቱ በኩል የማሰጣው ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። እዚህ ግን እንጀራ ፍለጋ እንደወጣ ሰው ይጣደፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ካለፈው ወር ወዲህ ነው።»

ሾፌሩ ከአልጋው ሥር ጭንቅላቱን ሊያወጣ ሲል ከጠርዙ ጋር ተጋጨ። ግንባሩን እያሻሸ መጣ። ካልሲዎቹ ከነበሩበት በላይ ጣራውን ያለበሰበት ኮምፔንሳቶ አለ። መዳፉን ለጠፈበት። ሞቃት ነው። ፀሐይ ያሞቀው እንዳይባል የጎኑ ቀዝቃዛ ነው።

«ካቻቢቴ አቀብዪኝ።»

«ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። አቀብዪኝ እንጂ።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ኮምፔንሳቶው ከጣራው ሲላቀቅ ከስንጥቁ ቀይ ብርሃን ወጥቶ የሚስቱን ጉንጭ አቀላው። ከኋላው አራት ትንንሽ አምፖሎች ያሉበት ሳጥን አለ፤ መስታወቱ ላይ በደማቅ ፊደል «ወራጅ አለ» ይላል።

ሾፌሩ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ፍሬን ሲፈልግ ያዘው።

«ውይ!» አለች ሚስቱ። «ይሄ አለ እንዴ? አላወጣኸውም?»

«ማውጣቱ አላስቻለኝም። ሸፈንኩት።» ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። የተሳፋሪውን መብራት ሁሉ ከአዲሱ ባትሪ ጋር ያገናኘው እሱ ራሱ ነው፤ የወራጁ መብራትም አብሮ ገብቷል። የቤቱ ገመድ ተሰክቶ ሳለ አርባ ዋት ማንም አያስተውለውም። ገመዱ ሲነቀል ግን ይሄ ቀይ ነገር ከማቀዝቀዣው ጋር እየተሻማ ሲበላ ውሎ አደረ። «አንዴ ደወሉን ከተጫኑት አይጠፋም። የሚጠፋው ሾፌሩ ቆሞ የፊቱን በር ሲከፍት ብቻ ነው።»

ሁለቱም በሩን አዩት። በሩ ፊት ቁምሳጥኑ ቆሟል፤ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ስኳር የሌለው ብስኩት በየመደቡ ተደርድሮበታል።

«ማን ተጫነው?» አለች ሚስቱ።

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞረ። ደወሎቹን ሁሉ ነቅሏቸዋል፤ የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ ከኋላው ወንበር አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ። ያን ወንበር ለትዝታ ሲተወው ደወሉንም አብሮ ትቶት ነበር። ባለፈው ወር እዚያ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ይታወቃል።

ከመሳቢያው ፒንሳ አውጥቶ የሾፌሩ መቀመጫ ላይ ቆመ። አንድ ሽቦ ቢቆርጥ ነገሩ ያልቃል። ቀዩን ሽቦ በፒንሳው ጥርስ መካከል አስገብቶ ሊጨብጠው ሲል የኋላው በር ተንኳኳ፤ ወዲያውም ተከፈተ።

«እማዬ! አባዬ! እንዴት ዋላችሁ?» ልጃቸው የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ገባች። አባቷ ወንበር ላይ ቆሞ ፒንሳ ይዟል፣ እናቷ ካልሲ ታቅፋለች። «ምን ሆናችኋል? ሳጥኑ ስንት ይላል?»

ሚስት ወደ ባሏ ሰረቅ አድርጋ አየች። የቤቱ ፍሪጅ ሩቅ አይደለም።

«አሥራ አንድ» አለ ሾፌሩ። «ወድቀናል።»

ልጅቷ ያለችው ቢደርስም ደስ ያላት አትመስልም። ያን ጊዜ ነው ቀና ስትል ቀዩን ብርሃን ያየችው። አነበበችው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን አለ» አለች እናቷ። «ልጅ እያለሽ አባትሽ አውቶቡስ ላይ ሳትጫኚው የምታልፊው ደወል ነበር? በየፌርማታው ስታስቆሚው ሰዉ እንዴት ይረግምሽ እንደነበር!»

«ባለፈው ተቆጥቼ ስነሳ… እንደተጫንኩት እንኳ አላውቅም። እጄ ነው።» ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አውቶቡሱ ይሸጣል ብዬ፣ ራሴ ነኝ ባትሪውን የጨረስኩት?»

«እንደሱ አይደለም። የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ ያገናኘሁትም እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «አሁን እቆርጠዋለሁ፣ ፈተናውንም እንደ አዲስ እንጀምራለን። የምትፈቅጂልን ከሆነ።»

«ቁረጠዋ። ምን ትጠብቃለህ?»

ሾፌሩ ወደ ጽሑፉ አየ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ፣ ጠብ ላይም ሆነ ዝናብ ላይ፣ ይሄ ነገር በርቶ ሳያቆም አልፎ አያውቅም። ፒንሳውን መሪው አጠገብ አስቀምጦ ከወንበሩ ወረደ።

«ወራጅ ካለማ ይወርዳል» አለ። «ነይ፣ ቁምሳጥኑን ያዥልኝ።»

«አሁን ይሄን ሁሉ ሳህን ልታወርድ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ላወርድ ነው።»

«ታዲያ ብርጭቆዎቹን እኔ እይዛለሁ። የሰባበርከው ይበቃኛል።»

ሦስቱ እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዱ የአንዱን እግር እየረገጠ መደቦቹን ባዶ አደረጉ። ቁምሳጥኑ እየተንቋቋ ወደ ጎን ሄደ። ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ወጣ፣ የበሩን እጀታ ያዘ፣ በልማዱ የጎን መስታወቱን አየና ሳበው። ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተው በር አቧራውን አራግፎ ታጠፈ። የግቢው ብርሃን ገባ። ከራሱ በላይ ቀዩ ብርሃን እልም አለ።

«ዜሮ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ፣ የማቀዝቀዣውን ገመድ ለአፍታ ነቅላ መለኪያዋን እያየች። «አንተ ሰውዬ፣ ዜሮ አለች!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ አንገቱን ወደ ውጭ ነቀነቀላት፤ ሳቅ እያፈነች ወረደች። ግቢው ውስጥ ቆማ አውቶቡሱን ከፊት ለፊት አየችው፤ በዚህ በኩል ካየችው ቆይታለች። ትንሽ ቆይታ በዚያው በር ተመልሳ ወጣችና ያቺው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጠርሙሱን ቀይሩት» አለች። «ከዛሬ እንቁጠር። ነገ እረፍት ነኝ፣ እዚሁ ሆኜ አያለሁ። አባዬ፣ ካለፈ ግን ቃሌ ቃል ነው።»

«እሺ።»

«ባያልፍስ፣ ከታንከሩ ወዲያ ምን አለ?»

«አላውቅም። የዓሣ መረብ አይቻለሁ።»

«መረቡን ሺህ ጊዜ ነግረኸኛል።» እጇ ሳታስበው ወደ ምሰሶው ሄደ፤ ደወሉ ላይ ሳይደርስ ቆመ። «ከእናንተ ጋር ብመጣና እዚያ ማዶ ብጫነው፣ ትቆማለህ? ፌርማታ የለም እኮ።»

ሾፌሩ አሰበበት። ለጥያቄው መልስ የሚሆን ደንብ ድርጅቱ አልሰጠውም።

«በሩ ይከፈት የለ?» አለ። «እቆማለሁ።»

ሚስቱ በመስኮቱ በኩል ያልደረቁትን ካልሲዎች ይዛ አሁን በተከፈተው በር ወጣች። ከእንግዲህ በፀሐይ ነው የሚደርቁት። ሾፌሩ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው ሊገፋ ትከሻውን ካስጠጋ በኋላ ቀና አለ። በሩ መልሶ እንዳይዘጋ እዚያው ትቶት፣ ፒንሳውን ከመሪው አጠገብ አንስቶ ወደ መሳቢያው መለሰና፣ ሳህኖቹን በካርቶን ይከምር ጀመር።