የአሥራ ዘጠነኛው ክፍል ባለቤት

ኩሪሃራ ሺዙኖ በዳይሬክተርነት ከሠራቻቸው አኒሜዎች፣ ማለትም የጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን ፊልሞች፣ ተመልካች ምርጥ አሥር ክፍሎችን መረጠ። አንደኛ የወጣው ስሟ የሌለበት ነው። የተጻፈበት ስም የሐሰት ቢሆንም አድናቂዎቿ እጇን አውቀውታል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ የእሷንማ አትጠይቁኝ።

እኔ ቺካጌ ነኝ። የዚያን ፊልም ቀለም የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ከማንም ሰምቼ አይደለም የማወራው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍል አንዲት ትንሽ ልጅ ባቡር ጣቢያ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች። ኩሪሃራ ስትሠራው እናትየው ሞታለች፤ ልጅቷ ቁርጧን አውቃ ብቻዋን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፕሮዲውሰሩ ኦጋታ ግን ስፖንሰሩ ብስኩት ፋብሪካ «ልጆች ያለቅሱብናል» ስላለው ብቻ፣ ሊተላለፍ ጥቂት ሲቀረው እናትየውን ከባቡር አወረዳት። ከሌላ ክፍል የተረፈ ሥዕል ቆርጦ ቀጠለበት፤ የኮቷ ቀለም እንኳ አይገጥምም! እሷን ማን ጠየቃት? በእኛ ሙያ ሥራው የተበላሸበት ዳይሬክተር የራሱን ስም አንስቶ የሌለ ሰው ስም ያስጽፋል። ኩሪሃራም እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ዝም አለች።

አሁን ናካኖ ሰፈር ያለ አንድ ሲኒማ ቤት አሥሩን ክፍሎች ሊያሳይ ጠራን። ኦጋታ ከመድረኩ ጀርባ የተድቦለቦለ ሩዙን እያኘከ ጠበቀን።

«ለሽያጭ በሚወጣው አዲሱ ቅጂ ላይ ስምዎ ይግባ እንጂ፣ ዳይሬክተር» አላት። «ሕዝቡ እኮ እያለቀሰ ነው የመረጠው!»

«ሕዝቡ የመረጠው ያንተን ሥራ ነው። የራስህን ስም ጻፍበት።»

«ኧረ በሞቴ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቂም?»

«ሞተህ ቢሆንማ ድሮ ይቅር እልህ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ኦጋታ ገላመጠኝ።

ፊልሙ ታየ። እናትየው ከባቡር ስትወርድ አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ። መብራቱ እንደበራ ያ ዓይን አውጣ ኦጋታ ማይኩን ይዞ ወጣና «የአሥራ ዘጠነኛው ክፍል እውነተኛ ዳይሬክተር፣ ኩሪሃራ ሺዙኖ!» ብሎ ለፈፈ። እሺ መች አለችው? ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኩሪሃራ ወደ መድረኩ ወጥታ ማይኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«እናትየው ሞታለች» አለች። «እኔ የሠራሁት እንደዚያ ነው። ከባቡር የወረደችው ውሸት ናት። ስሜንም ያነሳሁት ለዚህ ነው።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁሉም ሲቀመጥ ወደ አርባ የሚጠጋት አንዲት ሴት መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ልታመሰግናት መስሎኝ ነበር።

«ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አኦሞሪ ነው ያደግኩት። እናቴ ሞታ አባቴ ሩቅ አገር ሄዳለች ብሎ ደበቀኝ። ይህን ካየሁ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ባቡር ጣቢያ እየሄድኩ በረዶ እየወረደብኝ እቆም ነበር።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ለቅሶ አልነበረም፣ ንዴት ነው። «እርስዎ ስምዎን አተረፉ። እኔንስ? አንድ ቀን እንኳ ወጥተው ለምን አልተናገሩም?»

«እሷ ምን ታድርግ? ያበላሸው እኮ ይሄ ሰውዬ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ኩሪሃራ ዝም እንድል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። እንዲህ ፊቷ ጠቁሮ አይቻት አላውቅም። ይቅርታ ለመጠየቅ ለሴትየዋ ወገቧን አጥፋ ሰገደችላትና ቀና ሳትል ቆየች። ቀና ስትል ወደ ኦጋታ ዞረች።

«ስሜን ጻፍበት።»

ኦጋታ ፊቱ በራ። «እኔስ ምን አልኩ፣ ዳይሬ…»

«ዝም በል! ያንተንም ከጎኔ ጻፍ። ይቺ ሴት ማንን እንደምትረግም ትወቅ።»

ሴትየዋ ግን አሁንም አልተቀመጠችም።