የእማማ ሣህሊቱ የውሸት ሕመም

በሃምሳ አምስቱ ክረምት አሰበ ተፈሪ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ተቅማጥና ትውከት ገብቶ በሦስት ቀን ሰባት ሰው አጋደመ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው ድሬሰር ኃይለየሱስ በሽተኞቹን አንድ ክፍል ውስጥ ለየና በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ልጁ ግትር ነው። ያልታመመ አይገባም ብሏል፣ አለቀ።

እማማ ሣህሊቱ ይኼ ነገር አልዋጥላቸው አለ። ሰባት ዓመት አልጋ ለአልጋ የኖሩት እማማ ኩብራ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሽተኛ ሳይጠይቁ መቅረት ደግሞ ምን የሚሉት ነውር ነው? በዚያ ቤት እኮ አንድ ሰው ካስነጠሰ አሥሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተኮልኩሎ፣ ገሚሱ «እግዜር ይማርህ»፣ ገሚሱ «አላህ ያሽርህ» ሲል ይውላል። ድሬሰሩ በሽታው የተዛመተው በዚሁ ነው ቢላቸው ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት።

በአራተኛው ቀን ድሬሰሩ ፊቱ ጠቁሮ ከክፍሉ ወጣ። «እማማ ኩብራ የሩዝ ውኃውን እምቢ አሉ። ካልጠጡ ነገን አያዩም» ብሎ ለወጥ ቤቷ ለሞሚና ሲነግራት እማማ ሣህሊቱ ሰሙ። ጥቂት ቆይተው ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ ወደ በሩ ሄዱ።

«ስንት ጊዜ አስቀመጠዎት?» አላቸው ድሬሰሩ።

«አሥራ ስምንት።»

«ከትናንት ጀምሮ?»

«ከቁርስ ወዲህ።»

ምስኪን አምኖ መዘገባቸውና አስገባቸው።

እማማ ኩብራ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «አንቺን ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ታምሜ ነዋ።»

«ወላሂ ውሸትሽን ነው። አገጭሽ ላይ ገንፎ አለ።»

«እንግዲያው ጠጪልኝና ልውጣ። ካልጠጣሽ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ በሽታው ሲይዘኝ አላህ አንቺን ይጠይቅሽ።»

እማማ ኩብራ እያጉረመረሙ አንድ ማንኪያ ጠጡ፤ ወዲያው አስመለሳቸው። እማማ ሣህሊቱ ሌላ ሰጧቸው። ሲነታረኩና ሲጠጡ ዋሉ፤ ወደ ማታ ላይ ውኃው ሆዳቸው ውስጥ ረጋ።

እማማ ሣህሊቱ በገቡ በሦስተኛው ቀን እማማ ኩብራ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ እሳቸው ደግሞ የምር ታመው ወደቁ። ድሬሰሩ ኩባያውን ይዞ መጣና እማማ ኩብራን «እርስዎ ድነዋል፣ ይውጡ» አላቸው።

እማማ ኩብራ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ ኩባያውን ከእጁ ተቀበሉና ጓደኛቸው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

«እሷ ደህና ሆና መጥታ አዳነችኝ። ታማ ጥያት ልውጣ?» አሉት። «ተሸክመህ ካላወጣኸኝ በቀር አልሄድም፣ ልጄ።»

ኃይለየሱስ ሊቆጣ ቃጣውና ተወው። ሳሙናና ውኃ አምጥቶ አስታጠባቸው፤ እማማ ኩብራም የመጀመሪያዋን ማንኪያ ወደ እማማ ሣህሊቱ አፍ አስጠጉ።